ግመል ያልነካው ብልቃጥ በነቀምቴ

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከአዲስ አበባ ተነሳሁ። ጭኔ ላይ በረዶ የተሞላች ሣጥን አለች፤ ውስጧ ደግሞ ነቀምቴ ላለችው ተማሪዬ ለጫልቱ የምወስድላት ብልቃጥ። የመጨረሻ ሙከራዋ ካልተሳካ ዘንድሮ አትመረቅም።

ያስቸገራት የፍየል ደም ነው። የምንፈልገውን ፕሮቲን አንድ ፀረ እንግዳ አካል ይይዘዋል፤ ከዚያ ሁለተኛው መጥቶ የመጀመሪያው ላይ ይጣበቅና እንዲታይ ያደርገዋል። ይህን ሁለተኛውን ከፍየል ደም ነው የሚያወጡት። ፍየሏ ስትቀየር እሱም ይቀየራል። አዲሱ ጠርሙስ የጫልቱን የሙከራ ምስል ጥላሸት አስመስሎባታል። በዚህ በሁለተኛው ፈንታ እኔ የያዝኩላት ናኖቦዲ ይባላል። መነሻው የግመል ሰውነት የሚሠራው ትንሽ ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ አሁን ግን የሚያመርተው ባክቴሪያ ስለሆነ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው።

ባኮ

የአውቶቡሳችን ጎማ ፈነዳ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ሰው ማንጎ ይገዛል፣ እኔ ሣጥኔን ታቅፌ ጥላ ፍለጋ እንከራተታለሁ።

"ሕፃን ነው እንዴ የያዝከው?" አለኝ ረዳቱ።

በረዶው ቀልጦ ሱሪዬን አርሶታል።

ነቀምቴ

የላብራቶሪውን ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ጉቴ ከተማ ለቅሶ ሄዷል ተባልኩ። ንድድ አልኩ። ብልቃጡ እነጫልቱ ቤት ፍሪጅ ውስጥ እንዲያድር ሆነ። እናቷ አዴ ገዲሴ "አካም ጅርቱ፣ ግቡ ግቡ" ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ተቀበሉኝና የወለጋውን ሥራ ሥር፣ አንጮቴ፣ በቅቤ አቀረቡልኝ። ምን እንደያዝኩ ሲጠይቁኝ፣ አፌ አያርፍ፣ "መነሻው ከግመል ነው" አልኳቸው። ዓይናቸው ወደ ፍሪጁ ሄደ።

እሁድ ጠዋት ፍሪጁን ብከፍት ብልቃጡ የለም።

"አዴ፣ መድኃኒቱ የት ገባ?"

"መስኮቱ ላይ አለልዎት፣ መምህር። ግመል ከምንበላው ሥጋ ጋር አያድርም።"

ሄጄ ባየው ፀሐይ እየመታው ነው።

"ግመል እኮ የለበትም! ባክቴሪያ ነው የሠራው።"

"ታዲያ ማታ ለምን ግመል አሉኝ?"

ጫልቱ ማልቀስ ጀመረች። እናትየው የልጃቸው ምርቃት በዚያች ብልቃጥ ላይ እንደተንጠለጠለ የገባቸው ያኔ ነው፤ ወንበር ስበው ቁጭ አሉ።

ባለቁልፉ ከለቅሶው ተመልሶ ላብራቶሪውን ከፈተልን። ሌላ ስላልነበረን በዚያው ሞከርን። ከሰዓት በኋላ ምስሉ ወጣ፤ መስመሩ ጥርት ያለ፣ ዙሪያው ንጹህ። ጫልቱ ስልኳን አንስታ "ሀርሜ፣ ሚልካኤራ" አለቻቸው፣ እማዬ፣ ተሳክቷል ማለቷ ነው።

መልስ

ሰኞ ማታ ወገቤ ተቆራርጦ ቤቴ ገባሁ። አዴ ገዲሴ ፍሪጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና አጥበውታል አሉ። ግመል የለበትም ብላቸው አላመኑኝም። በጣም ተናድጄባቸው ነበር፤ ግን እኔስ? ናኖቦዲ ሙቀት ይችላል እያልኩ ስንቱን ተማሪ ሳስተምር፣ አንድ ቀን እንኳ አምኜው አላውቅም ነበር ለካ።