የወንድሜ ዋንዛ

ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሰበታ ግቢያችን ውስጥ ያለው ዋንዛ ወደ ጣራው ስላዘነበለ አስቆረጥነው። እናቴ ግንዱን እየዳበሰች፣ «የወንድምሽ እንግዴ ልጅ የተቀበረው ከዚህ ሥር ነው። እስቲ በዚያ ማሽንሽ ሳህን አውጪለት» አለችኝ። ከስልክ ቪዲዮ እያየሁ የእንጨት ቶርኖ ለምጄ ስለነበር ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቁራጩን ቶርኖው ላይ አሰርኩት። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። እርጥቡ እንጨት እየተሽከረከረ ውሃውን ፊታችን ላይ ይረጫል። መሃሉን በመሮ መቦርቦር ስጀምር ስልኬ ጠራ። ከገላን ጭነት የሚያመላልሰው ወንድሜ ነው። ድምፁን ለእናቴም ከፈትኩላት።

«እህት ዓለም፣ ራሴን እያዞረኝ ነው። መኪናውን ዳር አስይዣለሁ፤ መሬቱ አልቆም አለኝ።»

«ማሽኑን አጥፊው!» ብላ ጮኸች እናቴ።

አጠፋሁት። ሳህኑ ቀስ እያለ ቆመ።

«እሰይ፣ አሁን ተወኝ» አለ ወንድሜ። «ቁርስ ሳልበላ ወጥቼ ነው። ደግሞ እንዳትስቁብኝ!»

ዋንዛው መቆረጡን ገና አልነገርነውም ነበር።

እናቴ በግማሽ የተቦረቦረውን ሳህን አስፈታችኝና፣ ፍቅፋቂውን እስከ መጨረሻው ለቅማ፣ አንድ ላይ ጉቶው ሥር ቀበረችው።