ጥፋተኛውን አነጋግር

ከአገር እንዴት እንደወጣሁ ለሰው ስተርክ ማጭዱን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። ጉሙን አወራለሁ፣ ብርዱን አወራለሁ፣ እናቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ቆሎ አወራለሁ፤ ማጭዱ ላይ ስደርስ ግን ወሬ እለውጣለሁ። ዛሬ አልለውጥም፤ ራሴን ተጸይፌዋለሁ።

ከሞላሌ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ የአይሱዙ ሾፌር «ለፍራሽ የሚሆን አንድ ሸክም የጓሳ ሳር ካመጣህልኝ ጋቢና አስቀምጥሃለሁ» ብሎኝ ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ሳሩ ተዘግቷል። እኛ ዘንድ ጓሳ ከተዘጋ ለዓመታት ማጭድ አይነካውም። ሲደርስ ሽማግሌዎች ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል፤ ያን ቀን ሁሉም እኩል ወጥቶ ያጭዳል። የቤታችን ክዳን፣ ገመዳችን፣ ዝናብ የምንከላከልበት ገሳ ሁሉ ከእሱ ነው። እኔ ደግሞ ሳር ጠብቁ፣ አፈር ጠብቁ እያልሁ ገበሬ የማስተምር የልማት ሠራተኛ ነበርሁ። ጎሕ ሳይቀድ ደጃፋችን ላይ ማጭዴን በድንጋይ ስዬ፣ ከጎረቤታችን ከአያ ተክሌ ማሳ ጥግ አንድ ሸክም አጭጄ ሄድሁ።

ለምን ወጣህ አትሉኝም? በግምገማ «የአመለካከት ችግር አለበት» ተብዬ ነው። ገበሬውን አንድ ለአምስት ካደራጀህ በኋላ ማን ምን እንደሚያወራ ጽፈህ አምጣ ሲሉኝ እምቢ አልሁ። ሱዳንን፣ ሊቢያንና ባሕሩን ሌሎች ነግረዋችኋል። እንግሊዝ አገር ስገባ የቀረኝ አንድ እግር ጫማ ነበር።

«የአመለካከት ችግር የአእምሮ ሕመም ነው?» አለችኝ የኢሚግሬሽኗ ሴትዮ፣ ብዕሯን አንሥታ።

«የለም፣ እመቤቴ። እምቢ ማለት ነው።»

ጻፈችው። የጥገኝነት ወረቀቱን ሲሰጡኝም አገርህ ከተመለስህ ትነጠቃለህ ብለው ነው።

አሁን ሊድስ ከተማ ቢሮ አጸዳለሁ፤ ማስተርሴን ደግሞ በርቀት እማራለሁ። ትምህርቱ ዘላቂነትና የባህርይ ለውጥ ይባላል፤ ሰው ምድርን እንዳያጠፋ ጠባዩን እንዴት ትለውጠዋለህ ነው ነገሩ። በአመለካከት ተባርሬ አመለካከትን በማስተርስ ማጥናቴ የእግዜር ቀልድ ሳይሆን አይቀርም። የማነበው ካፖርት ለብሼ ነው።

«ሚስተር ኮሊን፣ በረደኝ» እለዋለሁ አከራዬን።

«ማሞቂያ ምድርን ያቃጥላል። አንተ ራስህ ይህንኑ አይደል የምትማረው?»

«ታዲያ የእርስዎ ክፍል ለምን ይሞቃል?»

«እኔ አርጅቻለሁ።»

ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ነው። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ የእኛ አገር ሰው በግ እየነዳ የጓሳውን ሜዳ በእግሩ ያቋርጣል።

ቢሮው ውስጥ ሦስት ዓይነት ቆሻሻ መጣያ አለ፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር። ሠራተኞቹ በጥንቃቄ ሲለዩ ይውላሉ፤ እኔ ሦስቱንም ለአንድ መኪና አስረክባለሁ። እጅ ያልነካው ሳንድዊች ከነላስቲኩ እደፋለሁ። እናቴ መሬት የወደቀ ቁራሽ አንሥታ የምትስም ሴት ናት። ያንገሸግሸኛል።

ከዚያ «ሰዎች ያለ ፖሊስ ጠባያቸውን የገሩበትን ምሳሌ ጻፉ» የሚል የቤት ሥራ መጣ። እኔም ጓሳን ጻፍሁ። እኔ ከወጣሁ በኋላ ሳሩ ታጭዶ ሲገኝ አገሬው አውጫጭ ተቀምጦ ነበር፤ ጥፋተኛ እስኪወጣ ድረስ ሁሉም የሚምልበት ሸንጎ ነው። አባወራው በየተራ ተነሥቶ «አላጨድሁም፣ አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ ማለ። አያ ተክሌም ማሉ፤ ግን ሳሩ የታጨደው ከማሳቸው ጥግ ነውና ማንም አላመናቸውም። ከማኅበር ተወገዱ፤ ጓሳው ሲከፈትም እንዳያጭዱ ተከለከሉ። አባቴ ይህን በስልክ ሲነግሩኝ እኔ ነኝ አላልሁም። የቤት ሥራዬ ላይ ግን «ጥፋተኛው ተገለለ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አላጨደም» ብዬ አሳምሬ ጻፍሁት።

አስተማሪዬ ዶክተር ሔለን በኮምፒውተሩ ውስጥ ፊቷ በራ። «ድንቅ ነው። ይህንኑ የመመረቂያ ጽሑፍህ አድርገው። ግን ጥፋተኛውን ማነጋገር አለብህ፤ ያለዚያ አያልፍም።»

«ጥፋተኛውን?»

«አዎ። ስልክ አለው?»

ለአባቴ ደወልሁ። ኔትወርክ ፍለጋ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ይወጣሉ፤ ነፋሱ ከእሳቸው ቀድሞ ይሰማል።

«አባዬ፣ ከአያ ተክሌ ጋር ያገናኙኝ። ለትምህርቴ ነው።»

«ተክሌ ምን ትምህርት አለው ብለህ ነው? ዘንድሮ ጓሳው ይከፈታል፤ እሱ አይገባም። ቤቱ ወንፊት ሆኗል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር መኝታውን ይዞ ሲዞር ያድራል።»

ጥያቄዎቼ ፊቴ ተደርድረዋል። የመጀመሪያው «ሲገለሉ ምን ተሰማዎት?» ይላል። አስጠላኝ።

«አባዬ፣ ያን ጓሳ ያጨድሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ማጭድ ስትስል ሰምቼሃለሁ። አውጫጩ ላይ ግን አልሰማሁም ብዬ ማልሁ። ከዚያ ወዲህ አልቆረብሁም፣ ልጄ። እናትህ ብቻዋን ትቆርባለች፤ እኔ ደጀ ሰላም ቆሜ እጠብቃታለሁ።»

እናቴና አባቴ በቁርባን የተጋቡ ናቸው። አንድም ቀን ተለያይተው ቆርበው አያውቁም ነበር።

«ሽማግሌዎቹን ይጥሩልኝና በስልክ ልንገራቸው።»

«ተክሌ ሰው ፊት ቆሞ ነው የተዋረደ። በስልክ ነው የምታነጻው? መጥተህ፣ ቆመህ ትናገራለህ።»

«ወረቀቴን ይነጥቁኛል፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ጓሳው የሚከፈት ዕለት እኔው እቆማለሁ» አሉ። «በሐሰት የማልሁ እኔ ነኝ እላለሁ። አንተ ትምህርትህን ተማር።»

አይሆንም፣ እመጣለሁ ማለት ነበረብኝ።

«እሺ አባዬ» አልሁ።