የዳማ ጥፍርና የወንድሜ ሞፈር

ይህ የሆነው ከረሀቡ ክፉ ቀን በኋላ፣ ተማሪ ዘማቾች ወደ መካነ ሰላም በመጡበት ዓመት ነው። በዚያ ዘመን ከደረሰብን ሁሉ ፈገግ ብዬ የማስታውሰው ይህን ብቻ ስለሆነ አልረሳውም።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ይመር ረሀቡን ተከትሎ በገባው በሽታ ሞተ። እኔ ደሴ የጀመርኩትን ትምህርት አቋርጬ ወደ እናቴ ተመለስኩ። ወንድሜ የተወልን አንድ በሬ፣ አንድ ስልቻ የዘር ገብስና ዳማ የምትባል ድመቱን ነው። ገብሱን በዚያ ሁሉ ረሀብ አላስነካንም። “ይህ ከተበላ የከርሞ ሰው አንሆንም” ይል ነበር። ስልቻውን ከአይጥ የምትጠብቀው ዳማ ናት።

ዝናቡ ሲቃረብ ዳማ ማነከስ ጀመረች። አይጥም ስልቻውን በሳ። እግሯን ባየው አንድ ጥፍሯ ረዝሞ፣ ታጥፎ መዳፏ ውስጥ ገብቷል። በመቀስ ልቆርጥላት ብሞክር ክንዴን ቧጥጣኝ አልጋ ሥር ገባች።

“ተዋት፤ እሷም እንዳንተ ሐዘን ይዛ ነው” አለች እናቴ። እውነት ነው፣ ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ ፀጉሬንም ጥፍሬንም አልነካሁም ነበር።

በማግሥቱ አንዲት ዘማች ስለ ማታ ትምህርት ልትነግረን መጣች። ክንዴን አየች።

“ምን ነካህ?”

“ድመት።”

“ድመቷስ ደህና ናት?”

እናቴ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

ልጅቷ አዲስ አበባ ከድመት ጋር ነው ያደገችው። መጀመሪያ ክንዴን በሳሙና አሳጠበችኝ። ከዚያ ዳማን በጋቢ ጠቅልላ አንድ እግሯን ብቻ አወጣች። ከቦርሳዋ የጥፍር መቁረጫ አውጥታ ሰጠችኝ።

“ልጄ፣ እንደ መሬቱ ለድመትም አዋጅ ወጣ እንዴ?” አለች እናቴ።

“ገና ነው እማማ። እኛ እንጀምረው።”

የዳማን መዳፍ ቀስ ብላ ስትጫነው ጥፍሩ ብቅ አለ። “ነጩን ጫፍ ብቻ ቁረጥ። ቀላ ያለው ውስጡ ደም አለው፣ እሱን እንዳትነካ።”

ሁለቱን በደህና ቆረጥኩ። ሦስተኛውን ግን አስጠግቼ ቆረጥኩትና ደማ። ደንግጬ መቁረጫውን ጣልኩት። ወንድሜ የተወልኝን በገዛ እጄ የማጠፋ መሰለኝ።

“አብሽር፣ አይዞህ” አለች እናቴ።

ልጅቷ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋ ያዘችውና ቁንጣሪ ዱቄት ጠየቀች። በዚያ ዓመት ዱቄት ለድመት እግር! እናቴ ወደ ዱቄቱ ዕቃ ሄደች። ከዚያ ቆንጥራ አመጣች።

“ገብሱን የጠበቀች ከዱቄቱ ትካፈል።”

ደሙ ቆመ። የታጠፈውን ጥፍር ቆርጠን ከመዳፏ አወጣነው። ቁስሉን ፈልቶ በበረደ ውኃ፣ ጨው ጣል አድርገን አጠብነው።

“ጠዋትና ማታ እጠባት። ካበጠ ግን ለሐኪም አሳያት” አለችኝ። ቀጥላም፣ “ድሮስ ጥፍሯን የምትስለው በምን ነበር?” ብላ ጠየቀች።

እናቴ ወደ ጣሪያው አየች። የወንድሜ ሞፈር እዚያ ነበር። እሱ እያለ በር ሥር ይደገፋል፤ ዳማም ትቧጭረዋለች። ከሞተ በኋላ እናቴ ማየት ስላቃታት እኔ ነኝ ወስጄ የሰቀልኩት። ያን ከጥፍሯ ጋር አላገናኘነውም።

“አውርደው” አለችኝ እናቴ። አውርጄ በር ሥር አቆምኩት። እናቴ እጄን እያየች፣ “አሁን ያንተ ተራ ነው” አለች።

ልጅቷ መቁረጫውን አቀበለችኝ። “ያንተን ግን ራስህ ቁረጠው። አንተን በጋቢ የምጠቀልልበት ጉልበት የለኝም።”

ቆረጥኩ። ሳምንት ሳይሞላ ዳማ አይጥ ይዛ ገባች። ዝናቡ ሲጥል በሬያችንን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቼ ገብሱን ዘራሁት።

ይህን ሳስታውስ ሐዘኔ አይጠፋም፤ ግን ይቀልለኛል። ዳማ አርጅታም ዛሬ ድረስ ሞፈሩን ትቧጭራለች። ጋሼ ይመር “አንች፣ ሞፈሬን ጨረሽው” እያለ ይቆጣት ነበር። አሁን የምቆጣት እኔ ነኝ።