ገበያ የወጣው የአምስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ

መምህር ይሻው አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። ከእነዚህ ውስጥ አሥራ አንዱን ያሳለፈው በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍልን እንግሊዝኛ በማስተማር ነው። ትምህርት ቤቱ ከደብረ ታቦር በሚኒባስ አንድ ሰዓት፣ ከአስፋልቱ ከተወረደ በኋላ ደግሞ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ባለቤቱ ኤሌኒ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ይሻው ቅዳሜ ጠዋት ወደ እሷ ይሄዳል፤ ሰኞ ከንጋቱ በፊት ተነሥቶ ይመለሳል። ትዳራቸው በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው።

ወደ ከተማ ለመዛወር በየዓመቱ ይወዳደራል። ካቻምና በግማሽ ነጥብ፣ አምና በሩብ ነጥብ ተበልጧል። ዘንድሮ የቀረችውን ነጥብ ሊያሟላለት የሚችለው የክፍል ምልከታው ብቻ ነበር። ኢንስፔክተሩ ሰኞ መጥቶ፣ ክፍሉ ውስጥ የዓመቱ የትምህርት ግቦች ተለጥፈው እንደሆነ፣ ተማሪዎቹም ግቦቹ ላይ ደርሰው እንደሆነ አይቶ ነጥብ ይሰጣል።

ግቦቹ ተለጥፈው ነበር፤ የተጻፉትም ማዳበሪያ ላይ ነው። በዚያ አካባቢ ካርቶን ዝናቡንም አይጡንም ስለማይችል መምህራኑ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ገልብጠው በነጩ በኩል ይጽፉበታል። ሌሎቹ መምህራን ከረጢቱን በጎኑ ተርትረው አንድ ሰፊ ሸራ ያደርጉታል። ይሻው ግን አልተረተረውም። ያልተተረተረ ከረጢት ሁለት ፊት አለውና ዘጠኙን ግቦች በአንዱ ፊት በእንግሊዝኛ፣ በሌላው ፊት በአማርኛ፣ በማይለቅ ቀለም ጻፈባቸው። ቋንቋ ሲያስፈልገው ማዳበሪያውን ያዞረዋል። ይህን ብልሃቱን በመምህራን ስብሰባ ላይ ሦስት ጊዜ አስረድቷል። ያልተተረተረ ከረጢት ከረጢት መሆኑን እንዳልተወ ግን ያስታወሰው ሰው አልነበረም።

ዓርብ ማታ ማዳበሪያውን ከግድግዳው አውርዶ በሳሙና አጠበው፤ እንዲደርቅም አጥሩ ላይ አሰጣው። ቅዳሜ ጠዋት ሊያነሣው ሲመጣ አጥሩ ባዶ ነው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል።

«እዚህ የነበረ ማዳበሪያስ?»

«እሱማ አበበች ድንች ሞልታበት በዶሮ ጩኸት ደብረ ታቦር ገበያ ሄደች» አለ ዘበኛው። አበበች ሚስቱ ናት። «ምነው፣ ይፈልጉት ነበር እንዴ?»

«ጽሑፉን አላየችውም?»

«አየችው እንጂ። ብርቱካንም የቲቸር ነው እማ ብላት ነበር። እናቷ ታዲያ፣ ቢፈልጉት ኖሮ አጥር ላይ ይጥሉታል? አለቻት። እኔም እውነቷን ነው አልኩ።»

ብርቱካን የዘበኛው ልጅ ናት፤ በይሻው ክፍል ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች፤ ያልተጠየቀችውን የመመለስ ልማድ አለባት። ይሻው የሁለት ሰዓቱን መንገድ በአንድ ሰዓት ከሩብ ጨረሰው።

ደብረ ታቦር ገበያ ሲደርስ አበበች ድንቿን ሸጣ ጨው ስትመርጥ አገኛት። ብርቱካን አጠገቧ ሸንኮራ ትመጥጣለች።

«ውይ መምህር፣ ደህና አደሩ? ባለቤትዎን ሊያዩ መጡ?»

«ማዳበሪያዬን ፍለጋ ነው የመጣሁት።»

«ቲቸር፣ እኔ ነግሬያት ነበር» አለች ብርቱካን።

«ዝም በይ አንቺ! ለሸዋነሽ ነው የሸጥኩት፤ ከነድንቹ። ይምጡ፣ አሳይዎታለሁ።»

ሸዋነሽ ድንች በጅምላ የምትገዛ ሴት ናት። ሚዛኗ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ ሠላሳ ያህል ማዳበሪያ ተደርድሯል፤ ሦስት ወዛደሮች መኪና እስኪመጣ ማዳበሪያዎቹ ላይ ጋደም ብለዋል። ይሻው የራሱን ማዳበሪያ ከሩቅ ለየው። እንግሊዝኛው ወደ ውጭ ዞሯል፤ ሆዱ በድንች ተነፍቶ ፊደሎቹ ከጻፋቸው በላይ ሰፍተዋል። አንድ ነጠላ የለበሰ ገበሬ እጁን አስደግፎበት ቆሟል።

«እትዬ፣ ይሄ ማዳበሪያ የእኔ ነው» አለ ይሻው።

«ድንቹስ?»

«ድንቹ የእኔ አይደለም።»

«እንግዲያው ድንቹን ትተህ ማዳበሪያውን ውሰዳ» አለችው ሸዋነሽ። የማዳበሪያው አፍ በሲባጎ ተሰፍቷል። ወዛደሮቹ ሳቁ።

«መምህር ናቸው እኮ» አለች አበበች።

«አሃ፣ መምህር ነዎት?» ሸዋነሽ ወዲያው ወደ አንቱታ ዞረች፤ ከበርጩማዋ ግን አልተነሣችም። «እኔ ምን ከፋኝ መምህር፤ ግን ይሄ ገዢ አለው። ይኸው አቶ አለሙ ከእብናት ድረስ መጥተው ይዘውታል።»

አለሙ እጁን ከማዳበሪያው ላይ አላነሣም። «ምርጥ ዘር ነው» አለ። «ጠዋት ነው ያየሁት።»

«ምርጥ ዘር መሆኑን በምን አወቁ?»

«ተጽፎበታል። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ዘጠኝ ቁጥርም አለው፤ ቆጥሬዋለሁ። የአዘራር መመሪያ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ መማር አያስፈልግም።»

«ምን ምርጥ ዘር! የጓሮዬ ድንች ነው» አለች አበበች።

«ምርጥ አይደለም ነው የምትዪኝ?»

«ማን አለ? ምርጥ ነው እንጂ!»

ሸዋነሽ ሚዛኗን ታጸዳለች። ድንቹ ከየት እንደመጣ ታውቃለች፤ ግን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ይሻው ጉዳዩ በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ መሰለው። «አዙሩት» አለ። «በስተኋላው በአማርኛ ተጽፏል። ብርቱካን፣ አንብቢላቸው።»

ሁለት ወዛደሮች እየተነጫነጩ ማዳበሪያውን ገለበጡት። ብርቱካን ሸንኮራዋን ለእናቷ ሰጥታ፣ ክፍል ውስጥ እንደምታደርገው እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች።

«የአምስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ የትምህርት ግቦች። አንድ። ተማሪዎች ርዕሱን አይተው ውስጡ ምን እንዳለ ይገምታሉ።»

«ድንች ነዋ» አለ አለሙ።

«ሁለት። ዋናውን ሐሳብ ከዝርዝሩ ይለያሉ።»

«መለየትማ ግድ ነው። ትልልቁ ለብቻ፣ ትንንሹ ለብቻ። እኛ ይኼን ያልተጻፈልን ጊዜም እናደርገዋለን።»

«ሦስት። የሰሙትን ወይም ያዩትን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ይተርካሉ።»

አለሙ ጥቂት አሰበ። «ይሄ እንኳ የግብርና ባለሙያው ድርሻ ነው» አለ።

«ተማሪዎች ይላል እኮ!» አለ ይሻው። ድምፁ ከፍ ብሏል። «ተማሪዎች!»

«እኛስ አርሶ አደር ማሠልጠኛ ስንት ቀን ተቀምጠን ተምረናል? ገበሬ ተማሪ አይሆንም ያለዎት ማን ነው?»

በዚህ መሃል ሰው ተሰብስቧል፤ አንድ የባጃጅ ሹፌር ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን አውጥቶ ያያል። ብርቱካን የሚያቆማት ስላልነበረ ቀጥላ ሰባተኛው ላይ ደርሳለች።

«ሰባት። አስተያየታቸውን በሦስት ምክንያቶች ይደግፋሉ።»

ሸዋነሽ ቀና አለች። «ይሄን ማን ነው የጻፈው?»

«ቲቸር ናቸው» አለች ብርቱካን።

«በሉ መምህር፣ በራስዎ ሕግ እንዳኝ። ማዳበሪያው ለእርስዎ የሚገባበትን ሦስት ምክንያት ያምጡ። አንድ ከጎደለ ለአቶ አለሙ ነው።»

ወዛደሮቹ ተነሥተው ተቀመጡ። ትልቁ ወዛደር ለመቁጠር ጣቶቹን ዘረጋ።

«አንደኛ» አለ ይሻው፣ «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከረጢቱም የእኔ ነው።»

«አንድ» አለ ወዛደሩ።

«ሁለተኛ፣ ሰኞ ኢንስፔክተር ይመጣል። ይሄ ግድግዳው ላይ ከሌለ ነጥብ አላገኝም።»

«ሁለት።»

ይሻው እንደቆመ ቀረ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሦስተኛውን ምክንያት ያጣ ተማሪ ሁሉ እስኪመጣለት ድረስ ቆሞ እንዲያስብ ሲያደርግ ኖሯል። ቆሞ ማሰብ እንደማይረዳ የተረዳው ያን ጊዜ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ። ባጃጁ ጡሩምባውን ነፋ። አለሙ ማዳበሪያውን መታ መታ አደረገው።

«ነጥቡን ካላገኙ ወደ ሚስታቸው አይዛወሩም» አለች ብርቱካን። «አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። እዚህ ከተማ ናቸው ሚስታቸው። በየቅዳሜው ነው የሚያይዋቸው።»

«ብርቱካን!» አለ ይሻው።

«ሦስት» አለ ወዛደሩ፣ ጣቱን አጥፎ።

ሸዋነሽ ይሻውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «አሥራ አንድ ዓመት? በቅዳሜ በቅዳሜ? እና ይሄን ጊዜ ሚስትህን ትተህ እዚህ ከኔ ጋር በድንች ትጣላለህ?» አንቱታውን ረስታዋለች። «ፍቱለት። ፍቱለት ይውሰድ! ግን ልጆቼ አይገለብጡም፤ ራሱ ይገልብጥ።»

ስለዚህ መምህር ይሻው የአበበችን ድንች ከአንዱ ማዳበሪያ ወደ ሌላው በጉልበቱ ተንበርክኮ ገለበጠ። የተበተነውን ከሰው እግር ሥር ለቀመ። አለሙ በአጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ትልልቁን ለብቻ፣ ትንንሹን ለብቻ ያደርጋል። ድንቹን አልተወም፤ መመሪያው ተወሰደ እንጂ ዘሩ አልተወሰደም ባይ ነው። ሲሄድም ዘጠኙን ቁጥሮች በወረቀት ገልብጦ እንዲሰጠው ይሻውን ለመነው።

«ለልጆች ትምህርት ነው አልኩዎት እኮ» አለ ይሻው።

«ለልጅ የሚሆን ለድንች ምን ይከብዳል?»

ይሻው ጻፈለት። ከዚያ በላይ ለመከራከር ጉልበት አልነበረውም።

ሰኞ ማዳበሪያው ቦታው ላይ ተሰቅሏል። ዳግመኛ አጥቦ ለማስጣት ስላልደፈረ የድንቹ እብጠት ቅርጹን ትቶበታል፤ አራተኛውና አምስተኛው ግብ መሃል አፈር አለ። ኢንስፔክተሩ አቶ ታምራት ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው፤ ከሚናገሩት ይልቅ የሚጽፉት ይበዛል። ከኋላ አግዳሚ ላይ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ከጠረጴዛው በላይ ወጣ። ሃያ ደቂቃ ጻፉ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ማዳበሪያው ሄዱ፤ አሸተቱት።

«ግብ ሦስት» አሉ። «ያየውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእንግሊዝኛ የሚተርክልኝ ማን ነው?»

የተነሣው እጅ አንድ ነበር። ይሻው የማን እንደሆነ ሳያይ አውቋል።

ብርቱካን የገበያውን ነገር ተረከች። ዓረፍተ ነገሮቿ አጫጭር ናቸው፤ ቃል ሲያጥራት በእጇ ታሳያለች። መጀመሪያ ቲቸር ግቦቹን አጠቡ። ቀጥሎ እናቴ ግቦቹ ውስጥ ድንች ጨመረች። ከዚያ አንድ ሰውዬ ግቦቹን ሊዘራቸው ፈለገ። ከዚያ በኋላ ቲቸር ሁለት ምክንያት አገኙ፤ ሦስተኛው ጠፋባቸው። እዚህ ላይ ይሻው እንዴት እንደቆመ ቆማ አሳየች፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በመጨረሻም ቲቸር ተንበርክከው ድንች ለቀሙ። ይህንንም አሳየች።

ይሻው ጥቁር ሰሌዳውን ያጠፋል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

አቶ ታምራት ረጅም ጊዜ ጻፉ። «ቅደም ተከተሉ ደህና ነው» አሉ። «ግብ ሰባት ደግሞ። አስተያየት በሦስት ምክንያት።» ርዕስ ፍለጋ ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩ፤ ዓይናቸው ይሻው ላይ አረፈ። «መምህራችሁ ከተማ ቢዛወሩ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? አንቺው መልሺ።»

«ጥሩ ነው» አለች ብርቱካን። «አንደኛ፣ ሚስታቸው እዚያ ናቸው። ሁለተኛ፣ ሰኞ በሌሊት ተነሥተው ስለሚመጡ ይደክማቸዋል፤ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ይተኛሉ።»

የኢንስፔክተሩ ብዕር ቆመ። ይሻውን አዩት። ይሻው መስኮቱን አየ። ብዕሩ ቀጠለ።

«ሦስተኛ» አለች ብርቱካን፣ ጊዜ ሳታጠፋ፣ «አስተምረውናል። ይበቃናል።»

«ይሄኛው ምክንያት ማስረጃ ያስፈልገዋል» አሉ አቶ ታምራት። «መማራችሁ በምን ይታወቃል?»

«እርስዎ በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ፤ እኔም በእንግሊዝኛ እየመለስኩልዎ ነው።»

አቶ ታምራት ቅጹን አጠፉት። በኋላ እንደታወቀው፣ ለግብ ሦስትና ለግብ ሰባት ሙሉ ነጥብ ሰጥተዋል፤ በእንቅልፉ አንድ ነጥብ ቀንሰዋል። በአስተያየት መስጫው ላይ «የማስተማሪያ መርጃው ንጽሕና ቢጠበቅ» ብለው ጽፈዋል።

የዝውውሩ ዝርዝር በሐምሌ ደብረ ታቦር ተለጠፈ። ይሻው ሦስት ጊዜ አነበበው፤ አንድ መንገደኛም እንዲያነብለት ጠየቀ። በሩብ ነጥብ አልፏል። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። በባጃጅ በቀጥታ ወደ ኤሌኒ መሥሪያ ቤት ሄዶ፣ በፋይሎቹ መሃል ቆሞ፣ እያለከለከ ነገራት።

ኤሌኒ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልል ለማለት ከጀላት፤ መሥሪያ ቤት መሆኑን አስታውሳ ተወችው። አቀፈችው። ቀጥላ ግን ፈገግታዋ ቀስ እያለ ወደ ሐሳብ ተለወጠ፤ በአሥራ አንድ ዓመት ያላሰበችው አንድ ነገር ድንገት ታይቷታል።

«ማለት» አለች፣ «አሁን በየቀኑ ነው?»