እሸታለሁ እንዴ?

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ከብርድ ልብስ ውስጥ ብቅ ካለች ራስ ነው። ሓትኖ ለተ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ ጥራቮሎ በሚባለው ሰፈራችን ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። ያኔ የአገራችን ነፃነት ገና ትኩስ ስለነበር ሰፈሩ በየሳምንቱ ዳስ ይጥላል፣ የሷ እኩዮችም ተራ በተራ ይዳራሉ። እሷ ግን አመሻሽ ላይ ጓሮ በቆፈረቻት ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ፍም ትጨምርና፣ የወይባ እንጨት ጣል ታደርግበትና፣ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ተከናንባ ትቀመጥበታለች። ጢሱ በአንገቷ ዙሪያ እየሾለከ የፋኖሱን ብርሃን ያደበዝዘዋል።

ተረቷ አንድ ብቻ ነበር፣ የጥርኝ ተረት። ጥርኟ የገዛ ሽታዋን ማወቅ አቅቷት እንስሳውን ሁሉ እየዞረች ትጠይቃለች። ሚዳቋ አፍንጫዋን ይዛ ትሸሻለች፤ ጦጣ እያማተበች ዛፍ ላይ ትወጣለች፤ አህያ ግን «ኧረ እኔን ምንም አልሸተተኝም» ይላል። «ከዚያስ?» ስላት፣ «ገና እየጠየቀች ነው» ትለኛለች። ወዲያው ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንቺስ? እሸታለሁ እንዴ?»

«አይ፣ ሓትኖ።»

እውነቴን ነበር። ከጎረቤቶቻችን ግማሾቹ ዓሣ ዓሣ ትሸታለች እያሉ፣ በር ላይ ሲያገኟት ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ይስባሉ። ግማሾቹ ደግሞ «የቱ ሽታ? ሰው ስም ማውጣት ሲወድ!» ብለው ይቆጣሉ። እሷ ጠዋትም ማታም ትታጠባለች፤ የገዛ አፍንጫዋ ምንም አይነግራትም። እናቴን ስትጠይቃት፣ እናቴ ከሥራዋ ቀና እንኳ ሳትል «አትሸችም አልኩሽ እኮ፣ አትጨቅጭቂኝ!» ትላታለች። ሁለታችንንም አላመነችንም።

ችግሩ ወይባ መታጠን ያገባች ሴት ወግ መሆኑ ነው። ባል የሌላት ልጅ ከታጠነች፣ ለማን ብላ ነው ይባላል። እናቴ «ተዪው፣ ስም ያወጡብሻል» ብትላትም፣ ለተ ዓሣ ከመባል የባሰ ስም አልታያትም።

መደበር በሚባለው ገበያ ብረት የሚሠራ፣ ረጋ ያለ ሰው ሽማግሌ ላከባት። ወዳው ነበር፤ ስሙ ሲነሳ ሳቋ ያመልጣታል። እናቱ ልታያት ከመምጣቷ በፊት በነበረው ምሽት ለተ ከጢሱ አልወጣችም። ሴትዮዋ ገብታ አቀፈቻት፣ ጉንጯን ደጋግማ ሳመቻት፣ ከዚያ እጇ ቀስ ብሎ ወረደ። ሻሂዋን ሳትጨርስ ተነሳች። እናቴ እስከ በር ተከትላ «አደይ፣ ምን ሸተተዎት?» አለቻት።

«ወይባ ነዋ! ሳታገባ ለማን ስትታጠን ነው የከረመችው?»

«ሌላስ?»

«ሌላ ደግሞ ምን ይሸተኛል?»

ለተ ከመጋረጃው ኋላ ቆማ ሰማች። አላለቀሰችም። ጓሮ ወጥታ ጉድጓዱን በአፈር ሞላችው። ከዚያ ወዲያ ተረት አላወራችልኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት። ያኔ ምን ተሰማሽ ብትሉኝ፣ ምንም። የተተኛበት እጅ እንደሚደነዝዘው ነበርኩ።

ክረምቱ ሲወጣ ምፅዋ ወረደች። ዓሣ ከሚሸጥበት አጠገብ ሻሂ ቤት ከፈተች፤ እዚያ ማን ማንን ይለያል? አላገባችም፣ ተመልሳም አልመጣችም። እኔ ካደግኩ በኋላ ወባ ገደላት፤ ነጠላዋን በላስቲክ ጠቅልለው ላኩልን። እናቴ ላስቲኩን ፈታች፣ ነጠላውን ወደ ፊቷ አስጠጋችና ዓይኗን ጨፈነች።

«እወ፣ እሷው ናት» አለች።

«ይሸትሽ ነበር እንዴ?»

«ከልጅነታችን ጀምሮ። አንድ አልጋ ላይ አይደል ያደግነው?»

ለካስ ያኔ «አትሸችም» ስንላት እናቴ ዋሽታ፣ እኔ እውነት ተናግሬ ኖሯል። ነጠላው ዛሬም እናቴ ሣጥን ውስጥ አለ፤ አንዳንዴ ሣጥኑን ከፍታ፣ ፊቷን ነጠላው ውስጥ ቀብራ ስትቆይ አይቼ እቀናባታለሁ። እኔ ጋ የቀረው ጢሱ፣ ፋኖሱና ያላለቀው ተረት ነው። ያን ቀን ነጠላውን ተቀብዬ እኔም አፍንጫዬን ቀበርኩበት፣ ብዙ ቆየሁ። ለእኔ ጨርቅ ነበር።