የተሰበረው ከበሮ

ትናንት ጭሮ መናኸሪያ በር ላይ አንድ ባጃጅ ያንን የወንድሜን የከበሮ ሙዚቃ እያስጮኸ አጠገባችን ቆመ። አባቴ ምርኩዛቸውን ጠበቅ አደረጉ።

ወንድሜ ከድር ዲጄ ነበር። አንድ ቀን ከድሬዳዋ ብሬክቢት የሚባል የጭፈራ ሙዚቃ በፍላሽ ይዞ መጣና እንቅልፍ አጣ። ዘፋኝ የለውም፤ ከበሮው ይሮጣል፣ ይሰናከላል፣ ድንገት ቀጥ ይላል። "እዚህ ጋ ስሚው!" እያለ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ይደፋብኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ራሴን ያመኝ ነበር።

በአጎታችን ልጅ ሰርግ ላይ ለቀቀው። ድንኳኑ የጄኔሬተር ናፍጣ ይሸታል። ከበሮው ሲቆም ጨፋሪው እግሩን እንዳነሳ ቀረ። አባቴ ጫታቸውን ጥለው ተነሱ።

"ዲቤን ጨቤ!" አሉ በኦሮምኛ። "ከበሮው ተሰበረ፣ አጥፋው!"

ከድር ሳቀ። "አልተሰበረም አባ፣ ትንሽ ይጠብቁ፣ ይመለሳል።"

ተመለሰ። ድንኳኑ ተናወጠ፤ አባቴም ሳይወዱ ሳቁ።

በዚያው ዓመት ከድር በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም።

ባጃጁ ውስጥ ከበሮው ቀጥ አለ። አባቴ እጄን ያዙኝ።

"ይመለሳል አላለም?"

ከበሮው ሳይመለስ ሾፌሩ ሙዚቃውን አጠፋው።