መርዶ በስልክ

ታላቅ ወንድሜ የሞተ ቀን ስልኩን ቤት ረስቶ ነበር የወጣው። ቻርጅ ላይ ሰክቶት፣ ከአልጋው ራስጌ። ሰኞ ጠዋት መሀል ከተማ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቦምብ ፈነዳ ሲባል እናቴ ደወለችለት። ስልኩ እዚያው ቤት ውስጥ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል ማስታወስ አልችልም። ከሆስፒታል ሆስፒታል ዞርን። ስንመለስ ጎረቤቶቻችን በር ላይ ቆመው ነበር። «ነገ ይገኛል፣ ትንሽ እረፉ» አሉን። ያኔ ያውቁ ነበር። ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል የዕድሩ ሽማግሌዎችና የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው መጡ። ያን ያህል ሰው በዚያ ሰዓት በር ሲያንኳኳ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። እናቴ በሩን ሳትከፍት ጮኸች። ስትወድቅ ግን የሚይዛት ሰው ነበር። ለዚህ ነው ተሰብስበው የሚመጡት።

በሦስተኛው ቀን ቴሌቪዥኑ ቦምቡን የላኩት ከድንበር ማዶ ያሉት ናቸው አለ። መንግሥታቸው አሸባሪ እያሠለጠነ ይልክብናል ተባለ። የእነሱ ሬዲዮ ደግሞ የራሳችሁ ሰዎች ሥራ ነው፣ ለጦርነት ሰበብ ፍለጋ ነው ብሎ መለሰ። ድንኳናችን ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች ይህንኑ ያወሩ ነበር።

«እነሱ ናቸው። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?»

«በምን አወቅህ?»

«ቲቪው ብሏል እኮ።»

«ቲቪው ከዚህ በኋላ መብራት አይጠፋም ብሎም ነበር።»

«አንተ ደግሞ ካርታህን ጣል።»

«ቀስ በሉ እንጂ፣ እናትየው እዚያ ናቸው።»

«እሳቸውን ማን ነካ? እኔ ስለ መንግሥት ነው የማወራው።»

እናቴ የተወለደችው ማዶ ነው። በቤታችን የአገሩን ስም አንጠራም፣ ማዶ ነው የምንለው። ታክሲ ውስጥ እንዳያመልጠን ብላ ከልጅነታችን አስለምዳናለች። ሁለቱ አገሮች ከዚህ በፊት በተዋጉ ጊዜ እሷ ጎጃሜውን አባቴን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አግብታ ስለነበር እዚህ ኮልፌ ቀረች። አብራት የምትኖረውን ታናሽ እህቷን ግን ጭነው ወደ ማዶ ሰደዷት። ወንድሜ ያኔ ዓመት አልሞላውም፤ የሚውለው አክስቴ ጀርባ ላይ ነበር። ከጀርባዋ አውርዳ ለእናቴ ሰጥታ ነው አሉ አውቶቡሱ ላይ የወጣችው። እኔ ገና አልተወለድኩም።

ድንበሩ የተከፈተ ጊዜ አክስቴ መጥታ ሁለት ሳምንት ከእኛ ጋር ቆየች። እኔን ትንሹ እያለች ነበር የምትጠራኝ። እሱን ግን ወደይ ትለው ነበር፣ በቋንቋዋ ልጄ ማለት ነው። ከዚያ ድንበሩ ተመልሶ ተዘጋ። ስልክ ብቻ ቀረ፣ እሱም ሲፈልግ ይሠራል ሲፈልግ አይሠራም። ሲሠራ እሁድ እሁድ ከሰዓት ለወንድሜ ትደውልለታለች። መቼ ነው የምታገባው ትለዋለች። «ሙሽራዋን ደብቄያታለሁ፣ አንቺ ስትመጪ አወጣታለሁ» ይላታል።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ በመጀመሪያው እሁድ የወንድሜ ስልክ ጮኸ። አነሳሁት።

«ወደይ፣ አንተ ነህ?»

ድምፃችን አንድ ነው። በስልክ እናታችን ራሷ ትሳሳት ነበር።

«አቤት አክስቴዋ» አልኩ። የእሱ አነጋገር ነው። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

«ተመስገን። እዚያ ፈነዳ ሲሉ ሰምቼ እንቅልፍ የለኝም። ሁላችሁም ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን።»

ስልኩን ዘጋሁት። እናቴን ለምን እውነቱን አንነግራትም አልኳት።

«በስልክ?» አለችኝ። «ደም ግፊት አለባት። ብቻዋን ነው የምትኖረው። ስልክ እንደያዘች ወድቃ ትቅር? መርዶ ሰው ሄዶ ነው የሚያረዳው።»

«ማን ይሂድ?»

ማዶ ዘመድ ያላቸውን አንድ ሽማግሌ ለመንኳቸው፤ ለዘመዶቻቸው ደውለው ሰው ሰብስበው እንዲያረዷት። «ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ አሁን ማዶ ደውዬ ስለ ቦምብ ላውራ? እዚህም እታሠራለሁ፣ እነሱም እዚያ ይታሠራሉ። ቢያንስ አንዳችን እንትረፍ።» ሳቅ ብለው ነው ያሉት። ግን አልደወሉም።

እኔ እሁድ እሁድ ወንድሜ ሆኜ ማውራት ቀጠልኩ። በየሳምንቱ ትንሹስ ትለኛለች። ተኝቷል እላታለሁ። ኳስ ሊያይ ወጥቷል። ቤቴል ጓደኛው ጋ ሄዷል። ስለ ሥራው ስትጠይቀኝ የየትኛውን ቤት መብራት እየዘረጋሁ እንደሆነ እፈጥራለሁ። መጀመሪያ እፈራ ነበር። በኋላ ግን፣ ይህን መጻፍ ይከብደኛል፣ እሁድን መጠበቅ ጀመርኩ። ስልኩን ይዤ እስካለሁ ድረስ ወንድሜ ቤት ውስጥ አለ። አንድ ጊዜ አክስቴ ያለችው ነገር አሳቀኝ። የወጣው የእሱ ሳቅ ነበር። እናቴ ከጓሮ ሮጣ መጣች። በሩ ላይ ደርሳ አየችኝና ቆመች። እጇ ላይ የልብስ ሳሙና ነበር። ወደ ጓሮ ተመለሰች።

ሁለተኛው ወር እንደገባ አክስቴ ሰላምታዋን ሳትጨርስ፣

«ትንሹን አቅርብልኝ» አለችኝ።

«የለም፣ ወጥቷል።»

«ባለፈውም ወጥቶ ነበር። ከዚያ በፊትም ወጥቶ ነበር። ያ ነገር ከፈነዳ ጀምሮ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። እህቴም እኔን ማናገር ትታለች። አንተም እንደ ድሮህ አይደለህም። እውነቱን ንገረኝ፣ ወደይ። ትንሹ ነው የሞተው?»

አልሞተም ማለት እችል ነበር፤ እውነትም ነው። ግን በል አቅርበው ትለኛለች። ለአንድ አፍታ ደግሞ አዎ ልላት ፈለግሁ። እኔ ሞቼ፣ እሱ እሁድ እሁድ ስልክ እያነሳ እንዲኖር። እንዲህ ማሰቤን ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

«አክስቴ» አልኳት በራሴ ድምፅ። ልዩነቱ ይሰማ አይሰማ አላውቅም። «ትንሹ እኔ ነኝ።»

አልጮኸችም።

«ብቻህን ነህ?» አለችኝ።

«እናቴ ጓሮ ናት።»

«ጥራት። እኔም በሬን ልክፈት። ስልኩን እንዳትዘጋው።»

ጫማዋ ወለሉ ላይ ሲጎተት ሰማሁ። የብረት በር ተከፈተ። የአንድ ጎረቤቷን ስም ጠራች፣ ከዚያ የሌላ። የሚሮጥ ሰው ኮቴ መጣ። የጮኸችው ያን ጊዜ ነው።

እናቴ ሳልጠራት መጥታ ከኋላዬ ቆማ ነበር።

«ማን ያዛት?»

«ጎረቤቶቿ።»

«ብዙ ናቸው?»

«ብዙ ናቸው» አልኳት። ብዙ ድምፅ ነበር የሚሰማው።

ስልኩን ተቀብላኝ ጆሮዋ ላይ አድርጋ መሬት ተቀመጠች። እዚያ ማዶ የማናውቃቸው ሰዎች ወንድሜን ሲያለቅሱለት እየሰማች፣ አብራቸው ማልቀስ ጀመረች። በተወለደችበት ቋንቋ ነበር የምታለቅሰው። ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ፊት፣ በዚያ ቋንቋ አንዲት ቃል አልወጣትም ነበር። ጎረቤት ይሰማል ብዬ መስኮቱን ልዘጋ ተነሳሁ። እጄ መዝጊያው ላይ ደረሰ። ከዚያ ተውኩት።